ለፍልሰታ የተገዙ በጎች

«ሁሉም ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ምሳ» አለ ሚልክያስ፣ ማይኩን ዘንበል አድርጎ ይዞ። «አብረናችሁ ማዕድ ብንቆርስ ደስ ይለናል ነው ያሉት። በተለይ እናቶች።»

ጉባኤው «አሜን» አለ። ከኋላ በኩል እልልታ ተሰማ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ቤተል ግን አንገቷን ወደ ሹራቧ ሰበሰበች። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ውሸት ሰምታ አታውቅም ማለት አይቻልም። ያሸማቀቃት «በተለይ እናቶች» የምትለው ጭማሪ ናት። እሷና ሚልክያስ አንዲትም እናት አላነጋገሩም። አባትም አላነጋገሩም። የማንንም በር አላንኳኩም።

ነገሩ የጀመረው ከመጋቢ ገዛኸኝ ነው። ጸሎት ቤቱ ፒያሳ ውስጥ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ያለ አሮጌ ግቢ ነው። ድሮ ምእመናኑ ከየጉራንጉሩ በእግራቸው ይመጡ ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ መንገዱ ሲሰፋ ግን አብዛኞቹ በከተማው ዳርቻ ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበተኑ። አሁን እሑድ እሑድ በታክሲ ይመጣሉ፤ ዘምረው፣ ጸልየው፣ በሩን ቆልፈው ይሄዳሉ። ታዲያ አንድ እሑድ መጋቢው በስብከታቸው መሀል ቆም አሉና፣ ከአጥራችን ጀርባ ማን እንደሚኖር የሚያውቅ እጁን ያውጣ አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። የሳቸውም እጅ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ለሰፈሩ ሰው አንድ መልካም ነገር ይደረግ ተባለ፤ ምን ይደረግ በሚለው ላይ ግን ክርክር ተነሣ። አንዱ የእንግሊዝኛ ትምህርት አለ፣ ሌላው የኮምፒውተር፣ ሌላዋ የሕፃናት ልብስ። መጋቢው ሁሉንም ሰምተው፣ እስኪ መጀመሪያ ራሳቸውን እንጠይቃቸው አሉ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ «ምን ብናደርግላችሁ ደስ ይላችኋል?» ከወጣቶቹ መካከል ለጸሎት ቤቱ የሚቀርቡት አምስት ኪሎ አንድ ሕንፃ ላይ የሚኖሩት ቤተልና ሚልክያስ ስለሆኑ፣ ሥራው ለእነሱ ተሰጠ።

ቅዳሜ ዕለት ለመጠየቅ ወጥተው ነበር፤ ይህንን ማንም አይክድባቸውም። ግን የሐምሌ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸውና አንድ ኬክ ቤት ገብተው ተጠለሉ። ዝናቡ ሲያባራ ማኪያቷቸው አላለቀም ነበር። ማኪያቶው ሲያልቅ ዝናቡ ተመለሰ። ቤተል ደጋግማ ሰዓቷን ስታይ ሚልክያስ ሳቀባት።

«ቤቲ፣ አታካብጂ። ምሳ የሚጠላ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም፤ ግን...»

«በቃ፣ ጠየቅን ማለት ነው።»

ሚልክያስ እንዲህ ነው። ምላሱ እንደ ፒያሳ ልጅ የፈጠነ፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ። ቤተልም ያን ቀን ተነሥታ መውጣት ትችል ነበር። አልወጣችም። ይባስ ብላ ሁለተኛ ኬክ በላች።

እና እነሆ፣ ምሳው ተወሰነ። በዚያው ጉባኤ ላይ ጋሽ ማቲያስ ተነሥተው ሁለት በግ በእኔ ነው አሉ። ጋሽ ማቲያስ የሚልክያስ አባት ናቸው፤ ከጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች አንዱ ሲሆኑ የግቢውና የንብረቱ ኃላፊ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ባንክ ቤት ስለሠሩ ነው መሰል ፈገግታ እንኳ ያለ ፊርማ አያወጡም። ያን ዕለት ግን ልጃቸው ከመድረክ ሲወርድ ትከሻውን ይዘው «ይኼ ልጄ ነው» አሉ፤ ሰው ሁሉ ሰማ።

በጎቹ ተገዝተው መጡ፤ ከጸሎት ቤቱ ግቢ ጥግ ታሰሩ። በመጡ ማግስት የመጋቢውን ጽጌረዳ በሉ። በሦስተኛው ቀን ገመዳቸውን ፈትተው የመዘምራኑን ክፍል ጎበኙ። ሰው ሁሉ በበጎቹ ሲስቅ ቤተል ብቻ ባየቻቸው ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባላል፤ ማንም ያልጠራው ምሳ ይኸው ሁለት በግ ሆኖ ግቢ ውስጥ ይጮኻል።

ነሐሴ ገባ። ምሳው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የቤተል እናት፣ የጠየቃችሁት እናንተ ስለሆናችሁ የጥሪውንም መልእክት እናንተው አድርሱ አሉ። ሚልክያስ ስልክ ሲደወልለት አባቱ እንደላኩት ተናገረ። የት እንደላኩት ግን አልተናገረም። ቤተል ጃንጥላዋን ይዛ ብቻዋን ወረደች።

የመጀመሪያው በር የእማማ ሸዋረጋ ነበር። ቤታቸው ከጸሎት ቤቱ የኋላ ግንብ ጋር የተጣበቀች አንዲት ክፍል ናት። እንዴት እንዳልፈረሰች እሳቸውም አይገባቸውም። ቤተል ከየት እንደመጣች ስትነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«በዚህ ግድግዳ ስንት ዓመት ሙሉ መዝሙራችሁን ስሰማ ኖርኩ» አሉ። «አንዳንዱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ፊታችሁን ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው። ቁጭ በይ እስኪ።»

ቤተል ቁጭ ብላ የምሳውን ጥሪ ተናገረች። እማማ ሸዋረጋ መርቀዋት ሲያበቁ፣ ምን ልታበሉን አስባችኋል ብለው ጠየቁ። በግ መሆኑን ስትነግራቸው ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«የኔ ልጅ፣ ፍልሰታ እኮ ነው! ይኼ የጎረቤት ሕፃን እንኳ ሲጾም እኔ አሮጊቷ የበግ ሥጋ ልበላ?»

ቤተል ግንባሯን በመዳፏ መታች። በፍልሰታ ሥጋ እንደማይበላ በዚህች አገር የማያውቅ ሰው የለም፤ እሷም ታውቃለች። ግን ማወቅ ሌላ፣ ማስታወስ ሌላ ነው። በጸሎት ቤታቸው ፍልሰታ ስለማይጾም ቀኑ ሲቆረጥ ማንም ትዝ አላለውም። እማማ ሸዋረጋ ሳቃቸውን ጨርሰው እንባቸውን ጠረጉና፣ ለመሆኑ ምሳ ይሁን ያለው ማን ነው አሏት፤ ለሳቸው የነገራቸው ስለሌለ። ቤተል ጃንጥላዋን አየች። አሮጊቷም የሚያይ ዓይን አላቸውና አላስጨነቋትም። «ግድ የለም፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው እስከ በር ሸኟት።

ሁለተኛው በር የዙህራ ቤት ነው። ዙህራ የክፍሏ ልጅ ናት፤ ቤቷ ከጸሎት ቤቱ አጥር በስተቀኝ መሆኑን ግን ቤተል የምታውቀው በወሬ ብቻ ነበር። አባቷ ጋሽ አብዱልሃኪም መንገዱ ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከወሎ መጥተው እዚሁ ፒያሳ ያረጁ ሰው ናቸው። ቤተልን አስገብተው ሻይ አስቀዱላት። ጥሪዋን ጆሮ ሰጥተው ሰሙ። «አላህ ይስጥልን፤ እኛንም አሰባችሁን» አሉ። «እንመጣለን። ሻይ አብረን እንጠጣለን።» ስለ ሥጋው ቃል አልተናገሩም። ዙህራ ግን እየሸኘቻት ደጅ ሲወጡ ክንዷን ያዘቻት።

«ሥጋችሁን እንደማንበላ ታውቂያለሽ አይደል? አባዬ እንዳይከፋሽ ብሎ ነው ዝም ያለው።»

«አውቃለሁ» አለች ቤተል። «ማለቴ... ረስቼው ነው።»

ደጃፉ ላይ ቆመው የሰፈሩን ሰው አሰቡት። በዚህ በኩል ያሉት ሙስሊሞች ናቸው፤ በዚያ በኩል ያሉት ይጾማሉ። ዙህራ አስባ አስባ፣ «እንግዲህ በጎቹ ዕድሜ ተጨመረላቸው» አለች። ቤተልም ሳትወድ ሳቀች።

ቤቱ ውስጥ አዲስ ፍራሽና በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ አይታ ስለነበር፣ ምን እንደተደገሰ ጠየቀች። የዙህራ ፊት ደብዘዝ አለ። ታላቅ እህቷ ሳሊሀ ልታገባ ነው። ሙሽራው ደሴ ያለ አስተማሪ ስለሆነ የሚመቸው ክረምት ነው። ቀኑን ያራዘሙት አባቷ ናቸው፤ ጎረቤት እየጾመ ሠርግ አይደገስም ብለው ፍልሰታ እስኪፈታ አቆዩት። ቀኑ ተገኘ፤ ቦታው ግን ጠፋ። ድሮ ድንኳን የሚተከለው እደጃቸው ነበር፤ መንደሩ በሙሉ መንገዱን ዘግቶ ይደግሳል። አሁን እደጃቸው ያለው ሰፊ አስፋልትና የብስክሌት መንገድ ነው፤ ካስማ አይመታበትም። አዳራሽ ደግሞ አቅማቸው አይደለም። ስለዚህ ከከተማ ወጣ ብሎ አጎቷ ግቢ ሊያደርጉት ነው።

«ሳሊሀ በቀን በቀን ታለቅሳለች» አለች ዙህራ። «እማማ ሸዋረጋ አዝለው ነው ያሳደጓት። በጉልበታቸው ያን ሁሉ መንገድ አይሄዱም። ከሰፈሩ ማን ይመጣል? ሠርጓን እኮ የማያውቃት ሰው ነው የሚያየው።»

ከዚያ እጇን ይዛ ከቤታቸው ጎን ያለችውን የእንጨት ደረጃ አስወጣቻት። ከላይ ሆነው ሲያዩ የጸሎት ቤቱ ግቢ ወለል ብሎ ይታያል። ጠጠር የፈሰሰበት ሰፊ ባዶ ሜዳ፤ ጥግ ላይ ሁለት በጎች።

«ይኼን ሜዳ ባየሁ ቁጥር ድንኳናችንን እዘረጋበታለሁ» አለች ዙህራ። «በሐሳቤ ነው እንግዲህ።»

«ለምን አልጠየቃችሁንም?»

«ማንን? በራችሁ የሚከፈተው እሑድ ብቻ ነው። ደግሞ ማን ይደፍራል?»

ቤተል ባዶውን ሜዳ እንደገና አየች። አፈረች። ያሳፈራት የበጎቹ ነገር አልነበረም፤ በዚያ ዝናባማ ቅዳሜ ይህን በር ብታንኳኳ ኖሮ መልሱ እዚሁ ደረጃ ላይ ይጠብቃት ነበር። ይህን እያሰበች ነው የወረደችው።

ሚልክያስን ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አገኘችው፤ ከተሰለፉ ታክሲዎች ጎን ቆሎ እየቆረጠመ። ሁሉንም ነገረችው፤ ፍልሰታውን፣ ሥጋውን፣ ድንኳኑን። ለመሳቅ ሞከረና ተወው።

«ላሽ በይው ቤቲ» አለ መጨረሻ ላይ። «የሚመጣ ይመጣል፤ ያልመጣ ይቀራል። ዝም አይነቅዝም።»

«ማንም ካልመጣ እኮ የእኛ ሰዎች ሰፈሩ ጠላን ነው የሚሉት። ከዚያ በኋላ ጨርሶ አይከፍቱትም በሩን። የሳሊሀም ሠርግ እዚያ ሩቅ ይሆናል።»

«አውቃለሁ።» ቆሎውን ኪሱ ከተተ። ድምፁ ተለወጠ። «አባዬ በሰው ፊት ልጄ ነው ብሎኝ አያውቅም። አይተሽዋል አይደል ያን ቀን? ከዚያ ወዲህ ቁርስ ላይ ያጫውተኛል። ቁርስ ላይ! አሁን ውሸት ነበር ስለው...»

ቤተል ይህን አልጠበቀችም። ሚልክያስ የሚያፌዝ እንጂ የሚፈራ አይመስላትም ነበር። ልቧ ተከፈለ። ጓደኛዋ ነው፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብረው አድገዋል። ሳሊሀን ደግሞ በመልኳ እንኳ አታውቃትም። ሆኖም በዚያ ደረጃ ላይ ሆና ያየችውን ባዶ ግቢ ከዓይኗ ልታስወጣው አልቻለችም።

«ስምህን አልጠራም» አለችው። «እኔ ግን እናገራለሁ።»

ሚልክያስ ፊቱን ወደ ታክሲዎቹ አዞረ። እሷም ዳገቱን ብቻዋን ወጣች።

ከምሳው በፊት ባለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰው ለዝግጅት ተሰበሰበ። በረንዳው ላይ ሽንኩርት ይላጣል፣ ድስት ይታጠባል፣ ጋሽ ማቲያስ ወንበር ያስደረድራሉ። ሚልክያስ ከሽንኩርት ላጮቹ መካከል ነበር። መጋቢው ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንጸልይ ሲሉ ቤተል ተነሣች።

«መጋቢ፣ እኔ ማንንም አልጠየቅኩም» አለች። «ምሳ ያለ ሰው የለም። ኬክ ቤት ነበርኩ።»

ቢላዎቹ ሁሉ ቆሙ። ቤተል ከቆመች ወዲያ መቀመጥ ስላልቻለች ቀጠለች። እማማ ሸዋረጋ ፍልሰታ እንደሚጾሙ፣ እነ ዙህራ ሥጋቸውን እንደማይበሉ፣ በመንገዱ ላይ ካሉት ቤቶች አንዱም እሑድ በግ እንደማይበላ ተናገረች። አንዲት እናት «ፍልሰታ!» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጋሽ ማቲያስ የያዙትን ወንበር ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ኬክ ቤት ከማን ጋር ነበርሽ?» አሉ። መልሱን ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ እሳቸውም ያውቁታል።

«የራሴን ነው የምናገረው ጋሼ።»

ከበጎቹ አንዱ ጮኸ። ከዚያ ሚልክያስ ከነቢላው ተነሣ፤ ሽንኩርት ይሁን ሌላ ነገር ዓይኑ ቀልቷል።

«ከእኔ ጋር ነበረች» አለ። «ሁለተኛውን ኬክ ያዘዝኩላትም እኔ ነኝ።»

አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ በሳል ለወጠው። ጋሽ ማቲያስ ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ሚልክያስም ዓይኑን አልሰበረም። መሀል የገቡት መጋቢ ገዛኸኝ ናቸው። ልጆቹ አጥፍተዋል፣ ይህን በኋላ እንነጋገርበታለን አሉ፤ ግን እዚህ ሃያ ትልልቅ ሰው ተቀምጦ ቀን ሲቆርጥ ፍልሰታን ማን አስታወሰ? አንድ ጎረቤት የምናውቅ ብንሆን ያ ጎረቤት ባስታወሰን ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ሽንኩርቱ አቀረቀረ።

ቤተል አሁንም አልተቀመጠችም። የመጣችበት ዋናው ነገር ገና ነበር። የሳሊሀን ሠርግና የጠፋውን የድንኳን ቦታ ነገረቻቸው፤ ከዚያ በጣቷ የጠጠሩን ሜዳ አሳየች።

«የሙስሊም ሠርግ?» አሉ ጋሽ ማቲያስ። «በጸሎት ቤት ግቢ?»

ጉባኤው አጉረመረመ። አንዷ የኒካሁስ ነገር አለች። ቤተል ኒካሁ እቤታቸው እንደሚታሰር፣ እዚህ የሚሆነው መብላትና መጫወት ብቻ እንደሆነ መለሰች። ሌላው ምእመናኑ ምን ይሉናል አለ። መጋቢው ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ወደ ቤተል ዞሩ።

«ግቢያችሁን ስጡን ብለዋል?»

«አላሉም» አለች ቤተል። «አልጠየቁንም። እኛም አልጠየቅናቸውም።»

መጋቢው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ውሳኔውን ግን ለጋሽ ማቲያስ ተዉት፤ ግቢው በሳቸው ኃላፊነት ነውና። ጋሽ ማቲያስ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። እንደገና ጠረጉ። ሲናገሩ ለጉባኤው ሳይሆን ለመነጽሩ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። እሳቸው ሲያገቡ ድንኳናቸው የተተከለው ከዚህ ዝቅ ብሎ፣ አሁን አስፋልት በሆነው መንደር፣ በአንድ ሐጂ ደጅ ላይ ነበር። ሐጂው ለሦስት ቀን ሱቃቸውን ዘግተው ደጁን ለቀቁላቸው። ውሃም ከሳቸው ቧንቧ ነው የተቀዳው።

«ማንንም አላስፈቀዱም» አሉ ጋሽ ማቲያስ። «ማን ምን ይለኛልም አላሉም።» መነጽራቸውን አደረጉ። «በሉ ልጆች፣ ሂዱና ጠይቁ።» ሚልክያስ ከበረንዳው ሲወርድ ተከተሉት። «ቆይ፣ እኔም እመጣለሁ። ዛሬስ ኬክ ቤት እንዳትገቡ።»

ሚልክያስ ቀና ብሎ አባቱን አየ። ጋሽ ማቲያስ አልሳቁም፤ ጃንጥላቸውን ግን ከልጃቸው በላይ ነው የዘረጉት።

ጋሽ አብዱልሃኪም ሦስቱን ሲያዩ መጀመሪያ የመሰላቸው ስለ ምሳው ሊወቅሷቸው የመጡ ነው። ቤተል «ምን ብናደርግላችሁ ደስ ይላችኋል?» ብላ ጠየቀች፤ በዚያ ዝናባማ ቅዳሜ ልትጠይቀው የተላከችውን ጥያቄ፣ ቃሉንም አልለወጠችም። ሰውየው ምንም አያስፈልገንም፣ ጤና ይስጣችሁ ብለው ጀመሩ። እሷ ግን አልቸኮለችም፤ ዝም ብላ ጠበቀች። ዙህራ ከመጋረጃ ጀርባ አባቷን በዓይኗ ስትገፋ ይታይ ነበር። በመጨረሻ ጋሽ አብዱልሃኪም ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉና የድንኳኑን ነገር አነሡ። ጋሽ ማቲያስ ግቢው የእናንተ ነው ሲሏቸው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው። ከውስጥ የሳሊሀ ለቅሶ ተሰማ፤ ይህኛው ግን የደስታ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቸግሮኝ ነበር አሉ ቀጥለው። በእነሱ ደንብ ሠርግ ላይ ለክርስቲያን እንግዳ ለብቻው የሚያርድና ለብቻው የሚሠራ ክርስቲያን ጎረቤት ይፈለጋል። ይህን ያደርጉላቸው የነበሩት የድሮ ጎረቤቶች ሄደዋል፤ እማማ ሸዋረጋም ብቻቸውን አይችሉትም።

ሚልክያስ አባቱን አየ። አባቱ ቤተልን አዩ።

«ሁለት በግ አለን» አሉ ጋሽ ማቲያስ። «ፍልሰታን ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ጾመው የሚፈቱ።»

የእሑዱ ምሳ በዚህ ሁኔታ ቀረ። ጽጌረዳው ግን በበጎቹ መቆየት ክፉኛ ተጎዳ።

ፍልሰታ ተፈታ፤ የሠርጉ ዋዜማ ደረሰ። የዕድሩ ድንኳን ከነምሰሶው መጥቶ የጸሎት ቤቱ ትልቁ በር ከጠዋት ጀምሮ ተከፍቶ ዋለ። ሰኞም አይደለም፣ እሑድም አይደለም፤ ዝም ብሎ ተከፍቶ። ከበሩ በስተቀኝ የእነ ዙህራ ዘመዶች ድስት ጥደዋል፤ ከአዳራሹ ኋላ የጸሎት ቤቱ እናቶች ጥደዋል። ጭልፋ ከጭልፋ እንዳይደባለቅ የተሾመችው ዙህራ ናት፤ ሹመቱን ወዳው ወዲያ ወዲህ እያለች ሰው ታስደነግጣለች። እማማ ሸዋረጋ መሀል ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው ሁለቱንም ወገን ይመርቃሉ፤ ሁለቱንም ወገን ይቆጣሉ። አንዷ ዘማሪ ሳታስበው መዝሙር ስታንጎራጉር እማማ ቀድመዋት ግጥሙን ጨረሱላት።

ቤተል የድንኳኑን ገመድ ይዛለች። በሌላው ጫፍ ሚልክያስና አባቱ ምሰሶ ያቆማሉ። ጋሽ ማቲያስ ወደ ግራ ይላሉ፤ ሚልክያስ ወደ ቀኝ ይወስደዋል። ስለ ውሸቱ እቤት ብዙ እንደተባለ ለቤተል ነግሯታል፤ ለአንድ ወር ስልኩ እንደተወሰደበትም። ቁርስ ላይ ግን አባቱ አሁንም ያጫውቱታል።

ሸራው ወጠር ሲል ቤተል ቀና አለች። ከመንገዱ ማዶ አዲስ የተሠራ ፎቅ አለ፤ ሰው የገባበት በቅርቡ ነው። በረንዳዎቹ ላይ ሰዎች ቆመው ድንኳኑን ያያሉ። አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ፣ ሁለት ልጆች በብረቱ መሀል አጮልቀው፣ አንድ ሽማግሌ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጥለው።

«እነዚያ እነማን ናቸው?» ብላ ዙህራን ጠየቀቻት።

ዙህራ እጇን ግንባሯ ላይ ጥላ አየች። «እኔ እንጃ። ማንም አያውቃቸውም።»

«እነሱስ ምሳ የሚሉ ይመስሉኛል» አለ ሚልክያስ ከምሰሶው ሥር፤ ወዲያው አባቱን አይቶ ወደ ምሰሶው ጎንበስ አለ።

ሽማግሌው ከላይ ሆነው እጃቸውን አነሡ፤ ሰላምታ ይሁን ዝናቡን መፈተሽ ይሁን አይለይም። ቤተል ገመዱን ለዙህራ ሰጠቻት። መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ፣ በተከፈተው በር ወጥታ፣ መኪና እስኪያልፍ ጠበቀችና መንገዱን ተሻገረች።